ማሳከኩ ቆመ ማለት ዳነ ማለት አይደለም

ቆይ እስቲ፣ ክዳኑን መልሺው። ልትቀቢ ነው አይደል? መጀመሪያ ካርቶኑን ወዲህ በይው። ጎረቤትሽ «በሁለት ቀን ድራሹን ያጠፋዋል» ብላ እንደሰጠችሽ ገብቶኛል። ሁለት ቀን ማለቷ ልክ ነው፤ ድራሹን ማለቷ ነው ስህተቱ።

እኔ ፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ የምውል ሰው ነኝና ይህን ቱቦ በደንብ አውቀዋለሁ። ሰው ማዘዣ ሳይዝ ይመጣና «ያ ለሁሉም የሚሆነው ቅባት አለ?» ይላል። አንዱ ለብሽሽቱ፣ አንዷ ለልጇ መቀመጫ፣ ሌላዋ ለፊቷ። ለሁሉም የሚሆን ቅባት የሚባል ነገር የለም። ያለው፣ ሥራቸው የተለያየ ሦስት መድኃኒቶች በአንድ ቱቦ የተቀየጡበትና ሐኪም አይቶ ሊያዝዘው የሚገባ መድኃኒት ነው። ሦስቱን ለይተሽ ካወቅሽ የቀረው ምክሬ ይቀልልሻል።

ጎኑ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቢልኝ። ክሎትሪማዞል 1 በመቶ፣ ጄንታማይሲን 0.1 በመቶ፣ ቤታሜታሶን 0.05 በመቶ። የመጀመሪያው የፈንገስ መድኃኒት ነው። ሁለተኛው አንቲባዮቲክ ነው፤ የሚሠራው ባክቴሪያ ላይ ነው። ሦስተኛው ስቴሮይድ ነው፤ እሱ ፈንገስም ባክቴሪያም አይገድልም። ሥራው የተቆጣ ቆዳን ማብረድ ነው፦ መቅላቱን፣ ማበጡን፣ ማሳከኩን። ጣጣው ከሦስቱ ውስጥ ቶሎ ስሜቱ የሚታወቅሽ ይኸው ሦስተኛው መሆኑ ላይ ነው። በሁለተኛው ቀን «ተመስገን፣ ተሻለኝ» የሚያሰኝሽ ምንም ተሕዋስ የማይገድለው መድኃኒት ነው። ሌሊት የሚጮኸውን ውሻ ዝም ያሰኘ ሰው ሌባውን አላባረረም፤ ሌባው እንዲያውም ተመችቶታል።

ይህን ስልሽ ስቴሮይድን እንደ መርዝ እንዳታዪው። እ.ኤ.አ. በ1952 ሱልዝበርገር እና ዊተን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ሃይድሮኮርቲዞን ቆዳ ላይ ተቀብቶ እንደሚሠራ ካሳዩ ወዲህ ስንት በችፌ ሲሰቃይ ይኖር የነበረ ሰው እፎይ ብሏል። ግን ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ አይቭ እና ማርክስ የተባሉ ሐኪሞች በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ሌላ ነገር ጻፉ። ጭርት ላይ ስቴሮይድ ሲቀባ ጭርቱ መልኩን ለውጦ፣ ሐኪም እንኳ እንዳያውቀው ሆኖ ይሰፋል አሉ። ጭርትን ታውቂዋለሽ፤ ክብ ነው፣ ዳር ዳሩ ከፍ ብሎ ይቀረፋል፣ መሐሉ የዳነ ይመስላል። ስቴሮይድ ሲነካው ያ ዳር ይጠፋል፣ ቅርፊቱ ይረግፋል፣ ቀለበቱ ይፈርሳል። ከሥር ግን ፈንገሱ ወደ ጎን ይሄዳል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እዚህ ላይ የሚደብቀው ራሱ መድኃኒቱ ነው።

«የፈንገሱ መድኃኒት አብሮ አለ አይደል?» ልትዪኝ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎ፣ አለ። ግን ሦስቱ የሚፈልጉት ጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። አንቲባዮቲኩ ብዙ ጊዜ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይበቃዋል። እንዲህ ያለው ጠንካራ ስቴሮይድ ከሁለት ሳምንት ማለፍ የለበትም፤ ብዙ ቦታ ላይ ከዚያም ያነሰ ነው የሚፈለገው። የፈንገሱ መድኃኒት ደግሞ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሳምንት ይፈልጋል፤ ቆዳው ጠርቶ ከታየ በኋላም አንድ ሁለት ሳምንት መቀጠል አለበት። በአንድ ቱቦ ሲታሰሩ ሁለት ጥፋት ይመጣል። አንዷ ማሳከኩ ሲቆምላት በአራተኛው ቀን ትተወዋለች፤ ፈንገሱ ገና አልሞተም፣ በሳምንቱ ብሶበት ይመለሳል። ሌላዋ ፈንገሱ እስኪጠፋ ብላ ወር ሁለት ወር ትቀባለች፤ ስቴሮይዱ ቆዳዋን ያሳሳዋል። ሁለቱም «መድኃኒቱ እኮ አልሠራልኝም» ብለው ሌላ ቱቦ ሊገዙ ይመጣሉ።

ስለዚህ የሚያውቅ ሐኪም ቅይጡን ሲያዝ ለአጭር ጊዜ ነው። ብሽሽቱ በፈንገስ ተቆጥቶ መራመድ ላቃተው ሰው፣ ወይም ችፌውን አክኮ አክኮ ባክቴሪያ ላስገባበት ሰው፣ መጀመሪያ ቁጣው ይብረድ ብሎ ለጥቂት ቀናት ይሰጣል። ከዚያ ስቴሮይድ የሌለበትን የፈንገስ ቅባት ብቻውን ቀጥል ይላል። «ይሄ ሲያልቅ ምን ልቀጥል?» ብለሽ ካልጠየቅሽው ግማሹን ሕክምና ጥለሽ ወጣሽ ማለት ነው። ጭርቱ ገና ትንሽ ከሆነና ብዙም ካልተቆጣ ደግሞ ከመጀመሪያውም ክሎትሪማዞል ብቻውን ይበቃል፤ ዋጋውም ይረክሳል። ሳያስፈልግ ስቴሮይድ መጨመር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

አሁን ደግሞ ቱቦ ማንበብ ላስተምርሽ፤ የንግድ ስሙ በየፋብሪካው ስለሚለያይ በሱ አትመሪ። ከሥር በደቃቁ የተጻፈውን ተመልከቺ። መጨረሻው «ሶን» ወይም «ሎን» የሚል ከሆነ፣ እንደ ቤታሜታሶን፣ ሞሜታሶን፣ ዴክሳሜታሶን፣ ትሪያምሲኖሎን፣ ስቴሮይድ ነው ብለሽ ጠርጥሪ። ሃይድሮኮርቲዞንና ክሎቤታሶልም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። «አዞል» የሚል ከሆነ፣ እንደ ክሎትሪማዞል፣ ሚኮናዞል፣ ኬቶኮናዞል፣ የፈንገስ ነው፤ ሜትሮኒዳዞል ግን ስሙ ያሳስትሻል፣ እሱ የፈንገስ መድኃኒት አይደለም። ጄንታማይሲን፣ ኒዮማይሲን፣ ፉሲዲክ አሲድ አንቲባዮቲኮች ናቸው። ኒስታቲን የሚል ካየሽ ልብ በይ፦ ኒስታቲን ካንዲዳ ለሚባለው፣ በዳይፐርና በጡት ሥር እርጥበት ለሚወደው ፈንገስ ይሠራል፤ ጭርትን ግን አይነካውም። ትሪያምሲኖሎንና ኒስታቲን ያለበትን ቅይጥ ጭርት ላይ የምትቀባ ሴት ስቴሮይድ ብቻ እየተቀባች ነው ማለት ይቻላል።

መቶኛውም እንዳያታልልሽ። ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ ከሁሉም ለስላሳው ነው። ክሎቤታሶል 0.05 በመቶ ከሁሉም ኃይለኛው ነው፤ አዋቂ ሰው እንኳ በሳምንት ከ50 ግራም በላይ፣ በተከታታይም ከሁለት ሳምንት በላይ እንዳይቀባው መመሪያ ወረቀቱ ያስጠነቅቃል። ቁጥሩ ትንሽ ነው ብለሽ ለልጅ ፊት እንዳትመርጪው። የስቴሮይዱን ኃይል የሚነግርሽ ስሙ እንጂ ቁጥሩ አይደለም።

ከመድኃኒቱ እኩል ደግሞ ቦታው ይወስናል። ሁሉም ቆዳ እኩል አይጠጣም። ፌልድማንና ማይባክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 ሃይድሮኮርቲዞንን በየቦታው ቀብተው ለክተውታል። በክንድ ውስጠኛው ቆዳ በኩል የሚገባውን አንድ ብትዪው፣ በግንባር 6 እጥፍ ገደማ፣ በመንጋጋ 13 እጥፍ፣ በወንድ ቆለጥ ቆዳ ደግሞ 42 እጥፍ ይገባል። ባልሽ ለእግሩ ጣት የታዘዘለትን ቅባት «ያው ፈንገስ ነው» ብሎ ብሽሽቱ ላይ ካሻገረው መጠኑን ስንት እጥፍ እንዳደረገው አሁን ይገባሻል። ብሽሽትና ብብት ላይ ጠንካራ ስቴሮይድ ሲበዛ ቆዳው ይሰነጠርና የወለደች ሴት ሆድ ላይ የምታዪውን ዓይነት መስመር ያወጣል። ያ መስመር ይደበዝዝ እንደሆን እንጂ አይጠፋም።

የዓይን ቆብ ላይ በፍጹም፣ የዓይን ሐኪም ወይም የቆዳ ሐኪም ለይቶ ካላዘዘልሽ በቀር። ከዓይን አካባቢ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ የዓይን ግፊት ሊጨምር፣ ሞራም ሊያመጣ ይችላል። ቀብተሽ ስታበቂ እጅሽን ታጠቢ የምልሽም ለዚህ ነው፤ ሳታስቢው ዓይንሽን ታሺዋለሽ። የታመመው እጅሽ ከሆነ ግን ታጥበሽ አታስለቅቂው።

ሕፃን ላይ ደግሞ ሁለት እጥፍ ጠንቀቅ በይ። ሕፃን ከክብደቱ ጋር ሲታይ የቆዳው ስፋት ብዙ ነው፤ በቆዳው የገባው ሁሉ ወደ ትንሽ ደም ነው የሚገባው። በላዩ ላይ ዳይፐር ሲታሰርበት ላስቲኩ ሙቀትና እርጥበት ይዞ መድኃኒቱን ወደ ውስጥ ይነዳዋል። ቤታሜታሶንና ክሎትሪማዞል ያለበት ቅይጥ ዕድሜያቸው ከ17 ዓመት በታች ለሆኑ እንደማይመከር፣ ለዳይፐር ሽፍታም እንደማይሆን በአሜሪካ የመድኃኒቱ መመሪያ ላይ በግልጽ ተጽፏል። የልጅሽ መቀመጫ ሲቀላ ዳይፐሩን ቶሎ ቶሎ ቀይሪ፣ በንጹሕ ውሃ አጥበሽ በደንብ አድርቂው፣ ትንሽ ሳታስሪው አናፍሺው፣ ዚንክ ያለበት ቅባት ቀቢው። በሁለት ሦስት ቀን ካልተሻለው፣ ወይም ከቅላቱ ወጣ ብለው ትንንሽ ቀያይ ነጠብጣቦች ከታዩ፣ ካንዲዳ ሊሆን ይችላልና ጤና ጣቢያ ውሰጂው። እዚያ የሚሰጥሽ የፈንገስ ቅባት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ «ይሄማ ደካማ ነው» ብለሽ በላዩ የራስሽን አትጨምሪበት።

ስለ ፊት ደግሞ ለብቻው ልንገርሽ፤ ብዙ ሴቶች የሚጎዱት እዚህ ነው። ስቴሮይድ ፊትን መጀመሪያ ያሳምራል። ብጉሩ ይጠፋል፣ ቆዳው ይጠራል፣ ቀለሙም ይፈካል። «ምን ተቀብተሽ ነው?» ተብላ የተጠየቀችዋ ቱቦውን ለጓደኛዋ ታስተላልፋለች። ከዱባይና ከጂዳ በሻንጣ የሚመጣውም፣ አንዳንድ ውበት ሳሎን በነጭ ብልቃጥ ስም ሳይኖረው የሚሸጠው «ማጥሪያ»ም ብዙ ጊዜ ይኸው ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ይገኝበታል፤ አንዳንዱ ሃይድሮኪኖን፣ አንዳንዱ ጭራሽ ሜርኩሪ አለበት። ከወራት በኋላ ፊቱ ሳስቶ የደም ሥሮቹ ክር ክር እያሉ ይታያሉ፣ በአፍ ዙሪያ ትንንሽ ሽፍታ ይወጣል፣ ፀሐይ አልችል ይላል። ስታቆመው ይቀላል፣ እንደ በርበሬ ያቃጥላል። ያ መቅላት መድኃኒት ማጣት ይመስላትና ተመልሳ ትቀባለች፤ ለጊዜው ይበርዳል፣ ሲቆም ይብሳል። ከዚህ አዙሪት በራስሽ ለመውጣት አትታገይ። ወራት የተቀባ ፊት የቆዳ ሐኪም እየተከታተለ፣ ወደ ለስላሳው እያወረደ ወይም በሌላ መድኃኒት እየደገፈ ነው የሚያላቅቀው።

ለማድያት ሐኪሞች የሚያዝዙት ሌላ ቅይጥ አለ፦ ሃይድሮኪኖን፣ ትሬቲኖይንና ፍሉኦሲኖሎን። እሱ በሐኪም እጅ ለተወሰኑ ሳምንታት፣ ማታ ማታ፣ ቀን ደግሞ ከፀሐይ መከላከያ ጋር የሚደረግ ሕክምና ነው፤ የዕለት ክሬም አይደለም። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ለማርገዝ እያሰብሽ ከሆነ አትንኪው። በእርግዝና የመጣ ማድያት ከወሊድ በኋላ እየለቀቀ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ደግሞ ይህ ቱቦ ጨርሶ የማያውቃቸውን በሽታዎች ልንገርሽ፤ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ እነሱ ናቸው። ቅባቱ ሳያድናቸው ጊዜ ያስበላቸዋል።

እከክ አንዱ ነው። ማታ ማታ የሚብስ፣ በጣቶች መሐል፣ በእጅ አንጓ፣ በወገብ፣ በጡት ዙሪያ የሚያሳክክ፣ ቤት ውስጥ አንዱ ሌላውን እያስከተለ የሚያክክ ከሆነ ጠርጥሪው። ስቴሮይዱ ማሳከኩን ያስታግስልሻል፤ እከኩን የምታመጣው ደቃቅ ተባይ ግን ከቆዳሽ ሥር እንቁላሏን እየጣለች ነው። መድኃኒቱ እንደ ፐርሜትሪን 5 በመቶ ያለ ነው፤ ከአንገት በታች መላ ሰውነት ተቀብቶ ያድራል፣ በሳምንቱ ይደገማል። ቤተሰቡ ሁሉ፣ ያላከከውም ሳይቀር፣ በአንድ ማታ መቀባት አለበት፤ አንሶላና ልብሱም በፈላ ውሃ ይታጠባል። አንቺ ብቻ ተቀብተሽ እህትሽን ብትተያት በወሩ ትመልስልሻለች።

የልጅ ጭንቅላት ላይ የሚወጣው ቆረቆር ሌላው ነው። ፀጉሩ ክብ ክብ እየሆነ ይረግፋል፣ ይቀረፋል። ፈንገሱ ያለው ፀጉሩ ውስጥ ስለሆነ የትኛውም ቅባት ብቻውን አያድነውም፤ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። አንዳንዴ እንደ እባጭ ተነፍቶ መግል ይይዛል፤ ያን እባጭ አታስፈንጂው፣ ሐኪም ይየው።

አልማዝ ባለጭራም አለ። በአንድ ወገን ብቻ፣ እንደ ቀበቶ ተሰልፎ፣ ከማቃጠልና ከመውጋት ጋር ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከወጣ ቫይረስ ነው፤ ክሬም ሳይሆን የሚዋጥ የቫይረስ መድኃኒት ነው የሚፈልገው፣ ያውም በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። በዓይን አካባቢ ከወጣ አንድ ቀን አታሳድሪው።

ደጋው አገር ያደገ ሰው ቁንጭርን ያውቀዋል። አሸዋ ዝንብ የምትባል ትንሽ ዝንብ ስትነክስ የሚመጣ ነው፤ በፊት፣ በአፍንጫ፣ በጆሮ ላይ ቀስ ብሎ ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ወራት ይቆያል። ብዙም አያምምም፣ ለዚህ ነው ሰው ቅባት እየቀያየረ የሚቆየው። ቅባቱ ግን ጥገኛ ተሕዋሱን አይነካውም። አንድ ወር አልፎት ያልዳነ የፊት ቁስል ካለ ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት።

የመጨረሻው የማያሳክክ ነገር ነው። ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ወጥቶ፣ ስትነኪው የሚደነዝዝ፣ ሙቅና ቀዝቃዛ የማይለይ ከሆነ የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። አትደንግጪ፤ የሚድን በሽታ ነው፣ መድኃኒቱም በዓለም ጤና ድርጅት በኩል እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። የሚጎዳው መዘግየቱ ነው፤ ነርቭ አንዴ ከሞተ አይመለስም። በየጤና ጣቢያው ይታያል፤ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርትና ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳም ለቆዳ በሽታ ስማቸው የታወቀ ሆስፒታሎች ናቸው። በጥጥ ጫፍ ምልክቱን ነካ ነካ አድርጊና ዓይንሽን ጨፍነሽ ይሰማሽ እንደሆነ ሞክሪ፤ ካልተሰማሽ ቱቦውን ተዪውና ሂጂ።

ሐኪም አይቶሽ ቅይጡን ካዘዘልሽ ግን አትፍሪው። ይህንንም አያለሁ፤ «ስቴሮይድ ነው» ሲባሉ ደንግጠው አንድ ቀን ቀብተው፣ ሁለት ቀን ትተው፣ ችፌውን ለወር የሚያስታምሙት። የታዘዘውን ያህል፣ በታዘዘው ቀን፣ ሳይቆራረጥ ቀቢና ጨርሺ። መጠኑን እንዲህ ለኪው፦ ከሌባ ጣትሽ ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ ስትጨምቂው ግማሽ ግራም ገደማ ይወጣል። ያ የሁለት መዳፍሽን ስፋት፣ ጣቶችሽን ጨምሮ፣ ይበቃል። በቀን ሁለቴ ከሆነ በቀን አንድ ግራም ነው፤ 15 ግራም ቱቦ ሁለት ሳምንት ይሄዳል ማለት ነው። ሽፍታሽ የሳንቲም ያህል ሆኖ ቱቦው በሳምንት ካለቀብሽ እያፈሰስሽው ነው። ለልጅም ስትለኪ በአንቺ ጣት ነው የምትለኪው፣ ግን የሚሸፈነው ቦታ ትንሽ ስለሆነ መጠኑ ያንሳል።

አቀባቡም ወግ አለው። ቦታውን አጥበሽ በደንብ አድርቂ፤ ፈንገስ እርጥበት ይወዳል። ስስ አድርገሽ ቀቢ፤ ለፈንገስ ከሆነ ከዳሩ ሁለት ጣት ያህል አልፈሽ ቀቢ፣ ስርጭቱ ከሚታየው ይሰፋልና። በላዩ ፌስታል ወይም ጥብቅ ፋሻ አትጠምጥሚበት። ቫዝሊን የምትቀቢ ከሆነ በሁለቱ መሐል ግማሽ ሰዓት ያህል ልዩነት አድርጊ። ውሃ የሚያዥ ቦታ ላይ ክሬሙ፣ ደርቆ የተሰነጠቀ ቦታ ላይ ቅባቱ ይሻላል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉምና ማዘዣሽ ላይ የትኛው እንደተጻፈ እዪ። ፎጣና የውስጥ ልብስ አትዋዋሱ። ክፍት ቁስል ላይ፣ በቃጠሎ ላይ፣ የጥርስ ንክሻ ላይ አትቀቢው። የምታጠቢ ከሆነ ጡትሽ ጫፍ ላይ ሐኪም ሳይነግርሽ አትቀቢ።

ተቀብተሽ ቦታው ይበልጥ ካሳከከ፣ ከቀላ፣ ውሃ ከቋጠረ ደግሞ «መድኃኒቱ እየጎተተው ነው» አትበይ። ኒዮማይሲን በተለይ ቆዳ ላይ አለርጂ በማስነሳት ይታወቃል፤ አቁሚና ቱቦውን ይዘሽ ተመለሺ። አንቲባዮቲኩንም በከንቱ አታባክኚው፤ ባክቴሪያ በሌለበት በየጊዜው ሲቀባ ባክቴሪያው ይለምደዋል፣ አንድ ቀን የእውነት ስትፈልጊው አይሠራልሽም። ፈንገሱም እንደዚያው ነው። በሕንድ አገር ስቴሮይድ ያለባቸው ቅይጦች እንደ ሸቀጥ ሲሸጡ ከኖሩ በኋላ፣ የታወቀውን የጭርት ኪኒን፣ ቴርቢናፊንን፣ የሚቋቋም አዲስ ዓይነት ጭርት ተነስቶ ወደ ሌሎች አገሮችም ተሻግሯል። የቆዳ ሐኪሞች ከመንስኤዎቹ አንዱ ይህ በዘፈቀደ መቀባት ነው ይላሉ።

ትኩሳት ከመጣ፣ ቅላቱ በሰዓታት ውስጥ እየሰፋ ከሄደ፣ ቦታው ከጋለና ከጠነከረ፣ ቀይ መስመር ወደ ላይ ከወጣ፣ ወይም ችፌ ያለበት ልጅ ላይ ድንገት በርካታ ውሃ የቋጠሩ ነጠብጣቦች ከታዩ ክሬም የምትፈልጊበት ሰዓት አልፏል፤ ቀጥታ ሆስፒታል።

ሐኪም ወይም ፋርማሲ ስትደርሺ እነዚህን ጠይቂ፤ አፍረሽ አትውጪ።

የበሽታዬ ስም ምንድን ነው?
በዚህ ቱቦ ውስጥ ስቴሮይድ አለ? ጠንካራ ነው ለስላሳ?
የት የት ልቀባው፣ የት አይነካ?
በቀን ስንቴ፣ ለስንት ቀን?
ቁጣው ሲበርድ የቱን ልቀጥል፣ የቱን ልተው?

እስከ ዛሬ የተቀባሽውን ሁሉ፣ ያለቀውንም ቱቦ ሳይቀር፣ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። «ነጭ ቱቦ፣ ሰማያዊ ክዳን» ብትዪው ሐኪሙ ምን ያድርግሽ? ጭርት ነው ብሎ ከጠረጠረ ከዳሩ ፋቅ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ያየዋል፤ ስለዚህ ከቻልሽ ቀደም ብለሽ ጥቂት ቀናት ምንም ሳትቀቢ፣ ሽፍታውን ገና መጀመሪያ ሳለ በስልክሽ አንስተሽ ሂጂ።

የታዘዘልሽን ይዘሽ ስትገቢ ደግሞ የጀመርሽበትን ቀን ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ጻፊው፣ ከጎኑ የምታቆሚበትን ቀን። ያ ቀን ደርሶ ካልዳነ ሁለተኛ ቱቦ አትግዢ። ያነሰው መድኃኒት ሳይሆን የበሽታው ስም ተሳስቶ ሊሆን ይችላል ብለሽ ጠርጥሪና ወዳየሽ ሐኪም ተመለሺ።